ዘግይተው ስለተሰሙ የካንትሪና የፎክ ዘፋኞች እንወያይ

የማታ ጊታር፦

ሰላም ሁላችሁም። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ሰሞኑን ግን አንድ ታሪክ ልቤን ይዞታል፤ ለሚገባው ሰው ላካፍል ብዬ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ኤልዛቤት ኮተን በ1893 ተወለደች፤ አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ። ልጅ ሆና ሰው ቤት ተቀጥራ ሰራች። ከደሞዟ አጠራቅማ ጊታር ገዛች፤ 3 ዶላር ከ75 ሳንቲም። ኮተን ግራኝ ናት። የሚያስተምራት የለም፤ ለግራኝ የተሰራ ጊታርም የለም። ስለዚህ ጊታሩን ገልብጣ ያዘችው፤ ክሮቹን ሳትቀይር። 11 ወይም 12 ዓመት ሲሆናት በሰፈሯ ስለሚያልፈው የዕቃ ባቡር ዘፈን ሰራች።

ከዚያ አገባች፣ ወለደች። የቤተክርስቲያን ሰዎች ዓለማዊ ዘፈን ተዪ አሏት። ተወችው። ጊታሩ ለአስርተ ዓመታት ከእጇ ራቀ።

ዋሽንግተን ዲሲ ትልቅ መደብር ውስጥ ስትሰራ አንድ ቀን የጠፋች ትንሽ ልጅ አገኘች። ለእናቷ መለሰቻት። ልጅቷ ፔጊ ሲገር ነበረች። እናትየዋ ሩት ክሮፎርድ ሲገር የሙዚቃ ደራሲ ናት፤ ቤቱ በሙሉ የሙዚቃ ቤት ነው። ኮተን እዚያ ቤት ተቀጠረች፤ ምግብ ታበስላለች፣ ልብስ ትተኩሳለች። አንድ ቀን የቤቱን ጊታር አንስታ ስትጫወት ሰሟት።

የመጀመሪያ አልበሟ በ1958 ወጣ። የፔጊ ወንድም ማይክ ሲገር ነው የቀዳው። ዕድሜዋ 60ን አልፏል። ከዚያ በኋላ ዞራ ዘፈነች፣ በሰራችው ገንዘብ ሲራኪዩስ ውስጥ ቤት ገዛች፣ በ1985 ግራሚ የሚባለውን ትልቅ የሙዚቃ ሽልማት ወሰደች። ያኔ 90 አልፏታል።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ዘፈኑ የልጅ ዘፈን ነው፤ ዓለም የተቀበለው ግን ከአያት እጅ ነው። ያቺ ልጅ ባትጠፋስ ኖሮ?

እኔ 51 ዓመቴ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ዘፈን ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ሰው ፊት ግን ዘፍኜ አላውቅም። ጥያቄዬ ይህ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ዕድል ብቻ ነው? ወይስ በካንትሪና በፎክ (በባህላዊው የሕዝብ ዘፈን) ውስጥ ለዕድሜ ቦታ የሚሰጥ ነገር አለ?

የካንትሪ ወዳጅ፦

እንኳን ደህና መጡ። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ቦታማ አለ። ሰፊ መልስ ማታ እጽፋለሁ፤ ስለ ካንትሪ ዘፋኟ ኬ ቲ ኦስሊን ሳይነሳ ይህ ውይይት እንዳያልቅ።

ተሟጋች፦

ታሪኩን እወደዋለሁ። «ዘግይቶ የመጣ ስኬት» የሚለው አባባል ግን ይከብደኛል። ኮተን አልዘገየችም። ዘፈኑን በ12 ዓመቷ ጨርሳዋለች! የዘገየው ሰሚው ነው።

የዘገየውም ያለምክንያት አይደለም። በ1920ዎቹ የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች የደቡቡን ሙዚቃ ለሁለት ከፍለው ነበር የሚሸጡት። የጥቁሮቹ በአንድ ዝርዝር፣ የነጮቹ በሌላ። ነጮቹ የነበሩበት ዝርዝር ነው ኋላ ካንትሪ የተባለው። ባንጆ የሚባለው የክር መሣሪያ ከአፍሪካ የመጡ ሰዎች ይዘውት የመጡ ዕውቀት ሆኖ ሳለ፣ አንድ ጥቁር ባንጆና ጊታር ተጫዋች በዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባት አይችልም ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ሴት፣ በዚያ ላይ የቤት ሰራተኛ።

ደግሞ ያላነሱት አንድ ነገር አለ። ያ የዕቃ ባቡር ዘፈን፣ «ፍሬይት ትሬን»፣ በ1950ዎቹ እንግሊዝ አገር ደርሶ ተወዳጅ ሲሆን በሌሎች ሁለት ሰዎች ስም ተመዝግቦ ነበር። ፔጊ ሲገር እዚያ ዘፍናው ነው የተሰማው። ሰዎቹ የኛ ነው አሉ። የሲገር ቤተሰብ ተከራክሮ ነው ስሟ የተመለሰው። ስለዚህ ዘግይቶ መሰማት ብቻ አይደለም ችግሩ። ዘግይተህ ስትደርስ ዕቃህን ሌላ ሰው ይዞት ልታገኘው ትችላለህ።

የማታ ጊታር፦

@ተሟጋች ልክ ነህ። የባለቤትነቱን ነገር አላውቅም ነበር። ዛሬ ደብተሬ ላይ ያሉትን ዘፈኖች ቀን ጻፍኩባቸው። (ደግሞ እባካችሁ አንቺ በሉኝ።)

አውራ ጣት፦

እኔ ጊታር አስተምራለሁ፤ ስለ እጇ ትንሽ ልጨምር።

ጊታር ሲገለበጥ ወፍራሞቹ ክሮች ወደ ታች ይሄዳሉ። ሌላው ሰው ባሱን (ወፍራሙን ድምጽ) በአውራ ጣቱ፣ ዜማውን በሌሎቹ ጣቶች ይመታል። እሷ በተቃራኒው ነው። ባሱን በጣቶቿ፣ ዜማውን በአውራ ጣቷ። አውራ ጣት ከባድ ነው፤ የሚመታው ክር ረጋ ብሎ፣ ሞላ ብሎ ነው የሚወጣው። ዜማዋ እንደዚያ የሚዘፍነው ለዚህ ነው። ዛሬ በስሟ የሚጠራ የአመታት ስልት ሆኗል። አስተማሪ ቢኖራት ኖሮ በመጀመሪያው ቀን «አገላብጠሽ ያዢው» ብሎ ያርማት ነበር። እኔም አርማት ነበር፤ ይህን ሳስብ ተማሪዎቼን ቶሎ አላርምም።

ሌላው የማልረሳው ጊታሪስቱ ዶክ ዋትሰን ነው። በ1923 የተወለደ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር። በ1960 ራልፍ ሪንዝለር የሚባል የፎክ ተመራማሪ ወደ ደቡብ ተራሮች ሌላ አዛውንት ሙዚቀኛ ሊቀዳ ይሄዳል፤ ክላረንስ አሽሊን። ለማጀብ ዋትሰን ይመጣል። የያዘው ግን ኤሌክትሪክ ጊታር! ሪንዝለር የድሮውን ድምጽ ነው የሚፈልገው። ዋትሰን ያኔ ወደ 40 የተጠጋ የቤተሰብ አባወራ ነው፤ በአካባቢው የዳንስ ባንድ ውስጥ ይጫወታል፣ ፒያኖ ይቃኛል።

አሁን ልብ በሉ። ያ የዳንስ ባንድ ፊድል (ቫዮሊን) ተጫዋች አልነበረውም። ሰዉ ግን የፊድል ዜማ ካልተጫወተ አይጨፍርም። ስለዚህ ዋትሰን እነዚያን ፈጣን የፊድል ዜማዎች በጊታር ማውጣት ተማረ። ከአካባቢው ውጪ ማንም ሳያውቀው፣ ለዓመታት። በ1963 ኒውፖርት የፎክ ፌስቲቫል ላይ ሲቀርብ ሰው ጊታር እንዲህ ይጫወታል እንዴ ብሎ ነው የደነገጠው። ዛሬ ብሉግራስ የሚባለውን የካንትሪ ዘርፍ የሚጫወት ጊታሪስት ሁሉ የእሱን መንገድ ነው የሚከተለው።

ሰው ባክኖ የቀረ ዓመት የሚለው፣ ለእሱ ልምምድ ቤቱ ነበር።

የካንትሪ ወዳጅ፦

ማታ ሆነ፤ መጣሁ።

ፎክ ሽማግሌ ይወዳል። ፎክ አድማጭ የድሮውን ፍለጋ ተራራ ይወጣል። ካንትሪ ግን ሬዲዮ ነው፣ ገበያ ነው። በተለይ ሴት ከሆነች ወጣት እንድትሆን ይፈልጋል። ለዚህ ነው ኬ ቲ ኦስሊንን የማነሳው።

በ1942 አርካንሶ ተወለደች። ኒው ዮርክ ውስጥ በብሮድዌይ ቲያትሮች ከኋላ ከሚዘፍኑት አንዷ ነበረች። ማስታወቂያ ትሰራ ነበር። በ1981 አንድ ነጠላ ዘፈን አወጣች፤ አልሆነም። ኩባንያው አልቀጠለም። ዕድሜዋ ወደ 40 ነው፤ በካንትሪ ዓለም በዚያ ዕድሜ ሴት ጀማሪ የሚባል ነገር የለም።

ዘፈኖቿን ሌሎች መዝፈን ጀመሩ። እሷ ግን ራሷ መዝፈን ነው የምትፈልገው። ከአክስቷ ገንዘብ ተበደረች። የካንትሪ መዲና በሆነችው ናሽቪል ውስጥ ራሷ ከፍላ የኩባንያ ሰዎች መጥተው የሚሰሟት አንድ ዝግጅት አዘጋጀች። እስቲ አስቡት፤ 40 አልፏት፣ በአክስት ብድር፣ እምቢ ባሏት ሰዎች ፊት! ከዚያ በ1987 የመጀመሪያ ሙሉ አልበሟ ወጣ። 45 ዓመቷ ነበር።

የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን ስለ ምንድን ነው? አብረው ስላደጉ ሴቶች ነው። ትዳር፣ መለያየት፣ የዘመን መለወጥ። የ22 ዓመት ልጅ ልትጽፈው አትችልም። በ1988 በካንትሪ ሙዚቃ ማህበር ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ሆነ፤ ያን ሽልማት በደራሲነት የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። የዓመቱ ምርጥ ሴት ድምጻዊትም ተባለች። ግራሚም ወሰደች።

ዕድሜዋን አልደበቀችም። ዕድሜዋን ዘፈነችው።

ስለ ዊሊ ኔልሰን ሰዎች ይረሳሉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጻፋቸውን ዘፈኖች ሌሎች ዘፍነው ከበሩ። እሱ ሲዘፍን ግን ናሽቪል ድምጹን አልፈለገውም። ከምቱ ወደኋላ ቀረት እያለ ነው የሚዘፍነው፤ ስህተት ይመስላቸው ነበር። ትቶ ወደ ቴክሳስ ተመለሰ። በ1975 ጊታር፣ የእህቱ ፒያኖና ጥቂት ነገር ብቻ ያለው አልበም ሲያመጣ ኩባንያው ያላለቀ ዴሞ (የሙከራ ቅጂ) መስሎት ነበር። ከዚያ አልበም ነው በድምጻዊነት የመጀመሪያ አንደኛ ደረጃ የወጣ ዘፈን ያገኘው። 42 ዓመቱ።

ሳምሶናይት፦

ዴሞ መስሎት! ያን አልበም ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ባዶነቱ እኮ ነው ውበቱ።

ደብተር፦

እኔ መዝፈን አልችልም፤ ግጥም ነው የምጽፈው። ስለዚህ የማነሳው የጸሐፊዎቹን ነው።

ሎሪ ማኬና ማሳቹሴትስ ውስጥ የምትኖር የአምስት ልጆች እናት ናት። ማንም ወጥቶ በሚዘፍንበት ክፍት መድረክ ላይ መዝፈን የጀመረችው በ27 ዓመቷ ነው፤ ልጆች ወልዳ። በ2005 ታዋቂዋ የካንትሪ ዘፋኝ ፌዝ ሂል ሶስት ዘፈኖቿን በአንድ አልበም ላይ ዘፈነቻቸው። ከዚያ በኋላ ደግሞ በ2016 እና በ2017 በተከታታይ ምርጥ የካንትሪ ዘፈን ግራሚ ወሰደች፤ 50 ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ማለት ነው። ናሽቪል ሄዳ አልኖረችም። ባደገችበት ከተማ ልጆቿን እያሳደገች ነው የጻፈችው። ዘፈኖቿ ውስጥ ያለውም ያው ነው። ትዳር ውስጥ ያለ ዝምታ። ለልጅ የሚነገር ምክር። ወጥ ቤት ውስጥ የሚያልፍ ሐሳብ።

ሜሪ ጎሼ ደግሞ ሌላ ናት። ቦስተን ውስጥ ምግብ ቤት ነበራት። በመጠጥና በሱስ ብዙ ተሰቃይታለች፤ በ1990 ጠጥታ ስትነዳ ተያዘች። ከዚያ ወዲህ አልጠጣችም። ዘፈን መጻፍ የጀመረችው መጠጡን ካቆመች በኋላ፣ በ30ዎቹ ዕድሜዋ አጋማሽ ነው። የመጀመሪያ አልበሟ በ1997 ወጣ። ከጦርነት ከተመለሱ ወታደሮችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ተቀምጣ የጻፈችውን አንድ ሙሉ አልበም በ2018 አወጣች፤ ለግራሚ ታጨ።

@የማታ ጊታር እነዚህን የማነሳው ለአንቺ ብዬ ነው። ኮተን እስክትገኝ ጠበቀች። እነዚህ ሁለቱ ግን አልጠበቁም። አንድ ማታ ተነስተው ሰው ፊት ቆሙ። ሃያ ዓመት የጻፍሽውን አንድ ሰው እንኳ ካልሰማው፣ የጠፋች ልጅ ብትመጣም ምን ሰምታ ትቆማለች?

ተሟጋች፦

@ደብተር በዚህ እስማማለሁ። ግን አንድ ነገር ልበል፤ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም።

የምናወራው ስለተገኙት ነው። ሚሲሲፒ ጆን ኸርት በ1928 ሜምፊስና ኒው ዮርክ ሄዶ ዘፈን ቀዳ። ብዙም ሳይቆይ የኢኮኖሚው ቀውስ መጣ፤ የሸክላ ገበያው ወደቀ። ወደ እርሻው ተመለሰ። 35 ዓመት! በ1963 ቶም ሆስኪንስ የሚባል ወጣት ከአንዱ ዘፈኑ ውስጥ የመንደሩን ስም ሰምቶ፣ አቫሎን፣ በካርታ ፈልጎ ሄደ። ኸርት እዚያው ነበር፤ ከብት እየጠበቀ፣ መሬት እያረሰ። በዚያው ዓመት ኒውፖርት ላይ ዘፈነ። በ1966 ሞተ።

ሶስት ዓመት ነው ያገኘው። ሶስት ዓመት ብቻ። ያን ለስላሳ ድምጽ ሳዳምጥ ሁልጊዜ የምናደደው በዚህ ነው። የመንደሩን ስም ዘፈኑ ውስጥ ባያስገባስ? የመንደራቸውን ስም ያልጠሩት ስንቶቹ በዚያው ቀሩ?

ስለዚህ «ከጠበቅሽ ይመጣል» አንበላት። አይመጣም ይሆናል። መዝፈኑ ራሱ ዋጋ ካለው ብቻ ነው የሚያዋጣው። ኸርት እኮ በነዚያ 35 ዓመታት ውስጥም ለጎረቤቶቹ ይጫወት ነበር። እጁ ያልዛገው ለዚህ ነው።

አውራ ጣት፦

@ተሟጋች የመጨረሻዋ ነጥብህ ትልቅ ናት። በ1928ቱና በ1963ቱ ቅጂ መካከል የጣቶቹ ንጽህና ብዙ አይለያይም። ያ ያለጎረቤት አይሆንም።

ዝምተኛዋ፦

ሁሉንም አነበብኩ። ስለ ድምጽ ማንም አላነሳም፤ እኔ ላንሳ።

ሸርሊ ኮሊንስ እንግሊዛዊት ናት። በ1935 ተወለደች። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የእንግሊዝ ፎክ ዋና ድምጽ ነበረች። በ1970ዎቹ መጨረሻ ትዳሯ ፈረሰ፤ ከዚያ ሰው ፊት ስትቆም ድምጿ አልወጣ አላት። ጉሮሮዋ እምቢ አለ። ተወችው። ሌላ ሌላ ስራ እየሰራች ኖረች። ዘፋኝ መሆኗን የማያውቁ ሰዎች መካከል።

በ2014 አንድ ወዳጇ ለዓመታት ሲለምናት ኖሮ ለንደን ውስጥ ሁለት ዘፈን ዘፈነች። በ2016 አልበም አወጣች፤ ከ38 ዓመት በኋላ፣ በ81 ዓመቷ። ቤቷ ውስጥ ነው የተቀዳው።

ድምጿ የድሮው አይደለም። ወርዷል፣ ሻክሯል። እሷም የድሮውን ለማስመሰል አልሞከረችም። ባለው ነው የዘፈነችው። እነዚያ የድሮ ዘፈኖች ስለ ሞት፣ ስለ መክዳት፣ ስለ መስጠም ናቸው። በ25 ዓመቷ ስትዘፍናቸው ታሪክ ትነግረናለች። በ81 ዓመቷ ስትዘፍናቸው የደረሰባት ሰው ናት።

ራልፍ ስታንሊም እንደዚሁ። ከ1946 ጀምሮ ሲዘፍን የኖረ የተራራ ድምጽ፤ በ2002 ሞትን ለምኖ የሚያናግር ዘፈን ያለምንም መሳሪያ ዘፍኖ በካንትሪ ምርጥ ወንድ ድምጻዊ ግራሚ ወሰደ። 75 ዓመቱ ነበር። ያንን ዘፈን ወጣት ቢዘፍነው ማን ያምነዋል?

እኔ እናቴ ስትሞት ለሁለት ዓመት መዝፈን አልቻልኩም። ሲመለስልኝ ሌላ ድምጽ ሆኖ መጣ። መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ዘፈኖቼን ሁሉ ዝቅ ባለ ቁልፍ (የዜማ መነሻ ድምጽ) እንደገና ተማርኳቸው።

@የማታ ጊታር በ30 ዓመትሽ በጻፍሻቸው ቁልፍ እየዘፈንሽ ከሆነና ከከበደሽ፣ ቁልፉ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም።

ሳምሶናይት፦

ቫሽቲ በንያንንም ጨምሩልኝ። በ1970 አንድ አልበም አወጣች፤ ሰሚ አጣ። ገጠር ገብታ ልጆች አሳደገች። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢንተርኔት ላይ ስሟን ስትፈልግ ሰዎች አልበሙን እየፈለጉት መሆኑን አየች። ሁለተኛ አልበሟ በ2005 ወጣ።

የካንትሪ ወዳጅ፦

@ዝምተኛዋ እናትሽን ነፍስ ይማር። የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት።

የማታ ጊታር፦

አምስት ቀን ዝም ያልኩት ስላነበብኩ ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ከልቤ።

@ተሟጋች አይመጣም ይሆናል ያልከው ከሁሉም በላይ ያሳረፈኝ ነገር ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጥበቃውን ያነሳልኝ ይመስለኛል።

@ደብተር «ምን ሰምታ ትቆማለች» ያልሽው አላስተኛኝም። ትናንት ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ አንዱን ዘፈን ቀዳሁ። አባቴ መነጽሩን እየፈለገ ስለሚዞርበት የመጨረሻ ዓመት ነው የሚለው። ሁለት ጊዜ አቋረጥኩ። ሶስተኛው ላይ እስከ መጨረሻው ሄድኩ።

ስጨርስ ልጄ በር ላይ ቆማለች። 19 ዓመቷ ነው። «ይሄ የማን ዘፈን ነው?» አለችኝ። የኔ ነው አልኳት። ሬዲዮ መስሏት እንደወጣች ነገረችኝ። ቁጭ ብላ ደግሜ እንድዘፍነው ጠየቀችኝ፤ ዘፈንኩላት። ስለ መነጽሩ ስደርስ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። አያቷ እኮ ነው።

አውራ ጣት፦

እንዴት ደስ ይላል! በየትኛው ቁልፍ ነው የዘፈንሽው?

የማታ ጊታር፦

ድሮ በጂ ነበር። ዝምተኛዋ ያለችውን ሰምቼ ወደ ኢ አወረድኩት።